ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ

ቤተ መጻሕፍት አያስፈልግም የሚል ባለሥልጣን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከቀበሌ አመራር እስከ ምክር ቤት አባል፣ ያነጋገርኳቸው ሁሉ "እሱማ ምን ጥያቄ አለው!" ነው የሚሉኝ። ስለ ትውልድ ያወራሉ። ስለ ዕውቀት ያወራሉ። ስለ ንባብ ባህል መዳከም ከእኔ በላይ ይቆጫሉ። ታዲያ ሁላችንም ከተስማማን፣ ሐዋሳ ውስጥ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ያለው፣ ጸጥ ያለ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ወንበር ለማግኘት ለምንድን ነው የሚቸገረው?

ከሥራ ሰዓት ውጭ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከልጆቹ በኩል ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በኪራይ ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ። ቴሌቪዥኑ እዚያው ነው። ምድጃው እዚያው ነው። ታናናሾቻቸው እዚያው ይንጫጫሉ። አባት ከሥራ ደክሞ ሲገባ "መብራቱን አጥፉት" ይላል፤ አይፈረድበትም፣ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ልጆቹ ታዲያ ማንበቢያ ፍለጋ ከተማዋን ይዞራሉ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ጥበቃው ደግ ከሆነ፣ ትምህርት ቤታቸው ባዶ ክፍል ውስጥ ይቆያሉ። ሳንቲም ሲኖራቸው ካፌ ገብተው አንድ ማኪያቶ ለሦስት ያዝዙና አስተናጋጇ መጥታ ጠረጴዛውን መወልወል እስክትጀምር ይሠራሉ። ቅዳሜና እሁድ ወደ ፍቅር ሐይቅ ይወርዳሉ፤ እዚያ ደግሞ ሙዚቃው አያስቀምጥም። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ፊዚክስ የሚገባኝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ብቻ ነው ቤታችን ዝም የሚለው" ብላኛለች።

ይህችን ልጅ እያሰብኩ ነው የፈተና ውጤት ዜና የምሰማው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። አገር ሁሉ ደነገጠ። ስለ ኩረጃ ተወራ፣ ስለ መምህራን ተወራ፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ተወራ። ሁሉም መወራት ነበረበት። ቤተ መጻሕፍት ብቻውን ይህን ውጤት ይቀይረዋል ብዬ አልከራከርም። ግን ልጆቹ የት ቁጭ ብለው ነው የሚያጠኑት ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን አልሰማሁም።

በቅርቡ አንድ ኃላፊ ጋር የመቀመጥ ዕድል አገኘሁ። ቅን ሰው ነው። ለከተማዋ ያስባል፣ ሰውን በአክብሮት ያናግራል። ስለ ቤተ መጻሕፍት ሳነሳበት ፊቱ በራ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ዲዛይን አሳየኝ። ባለ ብዙ ፎቅ፣ በመስታወት የተሸፈነ፣ አናቱ ላይ ካፌ ያለው፣ ሊፍት የተገጠመለት። "እንደ አብርሆት ነው የምናደርገው" አለኝ፤ አዲስ አበባ ያለውን ትልቁን ቤተ መጻሕፍት ማለቱ ነው። ሥዕሉ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከዚያ "ጋሼ፣ ስንት ሠራተኛ ነው የሚኖረው? ለመጽሐፍ መግዣስ በየዓመቱ ምን ያህል ይያዝለታል?" ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለ። "እሱ በሂደት የሚታይ ነው ልጄ" አለኝ። "መጀመሪያ ሕንፃው ይቁም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ጥያቄ ተቀየረ። ፖለቲከኞቻችን ቤተ መጻሕፍት ይወዳሉ ወይስ አይወዱም ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። መገንባቱን ይወዱታል። የማይወዱት ማስተዳደሩን ነው።

ለዚህ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም የክፋት አይደለም። የመንግሥት በጀት ካፒታልና መደበኛ ተብሎ ይከፈላል። ሕንፃ በካፒታል በጀት ይሠራል። የመሠረት ድንጋይ ይቀመጥለታል፣ ባነር ይሰቀልለታል፣ ሲያልቅ ሪባን ይቆረጣል፣ በሪፖርት ላይ "ይህን ያህል ፕሮጀክት ለምረቃ በቃ" ተብሎ ይጻፋል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ደመወዝ፣ የመብራት ክፍያ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ አዲስ መጽሐፍ፣ የተሰበረ ወንበር ጥገና ግን ከመደበኛ በጀት ነው የሚወጣው። እዚያ ላይ ደግሞ የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የጽሕፈት ቤቱ ደመወዝ ተሰልፏል። መደበኛ በጀት ሁልጊዜ ጠባብ ነው። አንድ ቤተ መጻሕፍት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት እንዲሆን ተረኛ ሠራተኛ መመደብ ማንንም በቴሌቪዥን አያሳይም። ሰርጉን አሳምሮ ደግሶ ትዳሩን እንደ መርሳት ነው።

በዚህ ላይ ሹም ሽሩ አለ። ዛሬ ዕቅዱን የያዘው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ይመደባል። ተተኪው የራሱን ፕሮጀክት ይዞ ይመጣል። ሕንፃ ከተጀመረ ቢያንስ ዓይን ላይ ይታያልና "ለምን ቆመ?" ተብሎ ይጠየቃል። የመጽሐፍ መግዣ በጀት ሲሰረዝ ግን የሚያይ የለም። መደርደሪያው አቧራ እስኪጠጣ ድረስ ማንም ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ።

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳልሆነ ሳነብ ገርሞኛል። እ.ኤ.አ. በ1850 የእንግሊዝ ፓርላማ ከተሞች በግብር ገንዘብ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲከፍቱ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሐሳቡን ያቀረበው ዊሊያም ኤዋርት የተባለ የፓርላማ አባል ነበር። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ኮሎኔል ሲብቶርፕ የተባለ ሌላ የፓርላማ አባል ማንበብ የሚባል ነገር ጭራሽ እንደማይወድ፣ ኦክስፎርድ በነበረበት ጊዜም ይጠላው እንደነበር እዚያው ተናገረ። ሕጉ በመጨረሻ አለፈ፣ ግን ተቆራርጦ ነው ያለፈው። ከተሞቹ መሰብሰብ የሚችሉት ግብር ከሚከፈልበት ንብረት ግምት በእያንዳንዱ ፓውንድ ግማሽ ፔኒ ብቻ ሆነ። ይባስ ብሎ ያ ገንዘብ ለሕንፃና ለሠራተኛ እንጂ ለመጽሐፍ መግዣ መዋል አይችልም ተባለ። መጻሕፍቱ ከለጋሾች ይመጣሉ ተብሎ ታሰበ። ይህ የተስተካከለው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1855 ነው።

መጻሕፍቱ ከለጋሾች ይመጣሉ! ይህን ሳነብ የራሳችንን ስብሰባዎች ነው ያየሁት። እኛም ጋ ቤተ መጻሕፍት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው የመጽሐፍ ማሰባሰብ ዘመቻ ነው። ዘመቻውን አልጠላውም። ሰው ከቤቱ መጽሐፍ አውጥቶ ሲሰጥ ማየት ያስደስታል። አብርሆት ሲከፈትም ብዙ ሰው መጽሐፍ ለግሷል። ግን የሰጠነውን እናውቀዋለን። ሥርዓተ ትምህርቱ የተለወጠበት የድሮ መማሪያ መጽሐፍ፣ ጥራዙ የተገነጠለ ልብ ወለድ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የኮምፒውተር መመሪያ። ተማሪዬ የምትፈልገው የዘንድሮውን የባዮሎጂ መጽሐፍና ጥሩ የጥያቄ ስብስብ ነው። እሱ በልገሳ አይመጣም። በየዓመቱ መገዛት አለበት።

አንድሪው ካርኔጊን ያነሳሁለት ሰው ሁሉ ሀብታም መሆኑን ብቻ ነው የሚነግረኝ። እኔ የሚገርመኝ ውሉ ነው። ይህ የብረት ከበርቴ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ በገንዘቡ 2,509 ቤተ መጻሕፍት አስገንብቷል። ገንዘቡን የሚሰጠው ግን ለጠየቀው ሁሉ አልነበረም። ከተማው መጀመሪያ መሬቱን ማቅረብ ነበረበት። ቀጥሎ ደግሞ ለግንባታ ከሚሰጠው ገንዘብ 10 በመቶ የሚሆነውን በየዓመቱ ለማስተዳደሪያ ለመመደብ የከተማው አስተዳደር ቃል መግባት አለበት። ቃሉን ያልገባ ከተማ ገንዘቡን አያገኝም። አንዳንድ ከተሞች በዚህ ምክንያት "ይቅርብን" ብለዋል።

ይህች 10 በመቶ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። ሰውዬው ፖለቲከኞችን ጠንቅቆ ያውቃቸው ነበር። ሕንፃ መስጠት ቀላል እንደሆነ ገብቶታል። ከባዱ ከተማው በየዓመቱ ቁጭ ብሎ፣ ከመንገድና ከውኃ ጋር እኩል አስቀምጦ፣ "ለቤተ መጻሕፍቱ ይህን ያህል" እንዲል ማድረግ ነው። ዲዛይኑን ያሳየኝን ኃላፊ ደግሜ ባገኘው የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሕንፃው ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ይፈጅ ከሆነ፣ የዚያ አንድ አሥረኛ በየዓመቱ ከየት ይመጣል? መልስ ከሌለ ሕንፃው ይነስ። በግማሽ ይቀነስ። መስታወቱ ይቅር፣ ሊፍቱ ይቅር፣ ፎቁ ይቅርና ምድር ላይ ይሁን።

አብርሆትን ማንቋሸሽ አይደለም። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም አራት ኪሎ፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት፣ ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበት ሲከፈት እኔም ኮርቻለሁ። ገብቼም አይቸዋለሁ፤ ወጣቱ ወንበር ለማግኘት ሲሰለፍ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ከዚያ ወዲህ የኛ አመራሮች ቤተ መጻሕፍት ሲባል ሌላ ቅርጽ አይታያቸውም። ወይ አብርሆትን የሚያህል፣ ወይ ምንም። ያን የሚያህል ገንዘብ ደግሞ የላቸውም። ስለዚህ ምንም።

ሁለት መልሶች ደጋግመው ይሰጡኛል። የመጀመሪያው "አንባቢ የለም" ነው። ይህን የሚለኝ ሰው ማታ ማታ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ወጣ ብሎ ቢያይ እመርጣለሁ። ካፌ ውስጥ ሃንድአውት ዘርግተው የሚቀመጡትን ያያል። መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጠውን ልጅ ዙሪያ ቆመው ሁለት ሦስት ገጽ አንብበው ሳይገዙ የሚመልሱትን ያያል። እነዚህ አንባቢ ካልሆኑ አንባቢ ማለት ማን ነው? የጎደላቸው ፍላጎት ሳይሆን ወንበር ነው። ሁለተኛው መልስ "አሁን ሁሉም ስልክ ላይ አለ" የሚል ነው። አለ፣ ካርድ ላለው። ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ ስልክ ላለው። ስልክ ደግሞ ጸጥታ አይሰጥም፣ ጠረጴዛ አይሆንም፣ መብራት ሲሄድ አያበራም፣ ያልገባህን የምትጠይቀው ሰው አጠገብህ አያስቀምጥም።

ሐዋሳ ደግሞ በዚህ ጉዳይ የምታፍር ከተማ አይደለችም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሲሠራ ቆይቶ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ሪድስ በሚባለው ድርጅቱ በኩል አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወደዚህ መጣ። እዚህ ከተማ ውስጥ መጽሐፍ የጫነ ጋሪ በአህያ እየተጎተተ ሰፈር ለሰፈር ይዞር ነበር። ልጆች ጋሪውን ሲያዩ ሮጠው ይመጣሉ፣ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ መጽሐፍ ተቀብለው ያነባሉ። ዮሐንስን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግኖች ብሎ ከመረጣቸው አሥር ሰዎች አንዱ አድርጎታል። ያኔ ልጅ የነበሩ ጓደኞቼ ዛሬም ጋሪውን ሲያነሱ ዓይናቸው ይበራል። አንደኛዋ አሁን ራሷ አስተማሪ ናት። ሊፍት አልነበረውም፣ መስታወት አልነበረውም። ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ሰው ግን ነበረው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። አንድ ሰው በአህያ ጋሪ የቻለውን ነገር አንድ ከተማ በበጀት እንዴት ያቅተዋል? ከተማው ገንዘብ የለውም ማለት ይከብደኛል። ኮሪደር ልማት ሲመጣ ገንዘቡ ተገኝቷል። የእግረኛ መንገድ ተሠራ፣ መብራት ተተከለ፣ አረንጓዴ ቦታ ተዘጋጀ። በምሽት የሚራመደው ሰው ብዛት ደስ ይለኛል፣ ከተማዋ አምሮባታል። ያ ሁሉ የሆነው ግን ከላይ አቅጣጫ ስለተቀመጠ ነው። ቤተ መጻሕፍት ላይ እንዲህ ያለ አቅጣጫ አልወረደም። የኛ አገር የአካባቢ ፖለቲካ ወደ ላይ ነው የሚያየው። ይህ ደግሞ የሰዎቹ ጠባይ ብቻ አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ትምህርቱን ጨርሷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም የከተማ ምክር ቤት ዕጩ በራችንን አንኳኩቶ "ምን ይሠራላችሁ?" አላለንም። የአካባቢውን ኃላፊ የበላዩ ስለ ቤተ መጻሕፍት ካልጠየቀው፣ የበታቹም እንዲጠይቀው ዕድል ካልተሰጠው፣ ማን ይጠይቀው?

ሕዝባዊ ውይይት ይጠራል፣ እሱን አልክድም። ተገኝቼ አውቃለሁ። የሚናገሩት ግን የዕድሜ ባለጸጎችና ነጋዴዎች ናቸው። ስለ ውኃ ይናገራሉ፣ ስለ ኮብልስቶን፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ግብር። ልክ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት የሚፈልገው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን አይጠራም፣ ቢመጣም ማይክ አይሰጠውም። የልጁ እናት ደግሞ ጉሊት ናት፤ ስብሰባ ለመቀመጥ የቀን ገቢዋን መተው አለባት። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ ቤተ መጻሕፍት የሚል ቃል አይገባም። ከዚያ "ሕብረተሰቡ አልጠየቀም" ይባላል።

ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት፣ በ2022 ባደሱት ማኒፌስቶ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በመርህ ደረጃ ከክፍያ ነጻ መሆን እንዳለበትና የአካባቢና የብሔራዊ መንግሥት ኃላፊነት እንደሆነ ተጽፏል። የበጎ ፈቃደኛ ኃላፊነት ነው አይልም። ወጣቶች በራሳቸው ተነሳሽነት የኪራይ ክፍል ይዘው መጽሐፍ ሲያሰባስቡ "ይበል፣ ይበረታታ" ተብሎ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ኃላፊነት መወጣት አይደለም። ኪራዩን ማን ይክፈል?

ደግሞ ሌላ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ነበር የተሰጠው፤ ሲዳምኛ (ሲዳሙ አፎ) አንዱ ነው። ዛሬ ልጆች በሲዳሙ አፎ ይማራሉ። ግን ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ በዚህ ቋንቋ የሚነበብ ነገር ለሚፈልግ ልጅ የት ሂድ ልበለው? እዚህ ከተማ ውስጥ በሲዳሙ አፎ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። በራሳቸው ገንዘብ ያሳትማሉ፣ ለዘመድ ያድላሉ፣ የቀረው ካርቶን ውስጥ ይቀራል። ከተማው ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ቅጂ ቢገዛ ለጸሐፊው ትልቅ ነገር ነው፣ ለአንባቢውም። ፊቼ ጫምባላላን ዓለም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ተቀብሎታል። ስለ በዓሉ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ክፍል ደጃችን ላይ ቢኖር እንዴት ደስ ይላል።

እኔ የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። መጀመሪያ አንድ ትልቅ አልፈልግም። ትንንሽ፣ ብዙ ነው የምፈልገው። ከመሀል ከተማ ሳይሆን ከዳር ይጀመር። ኮሎምቢያ ውስጥ የሜደሊን ከንቲባ የነበረው ሰርሂዮ ፋሃርዶ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱን ሆነ ብሎ የከተማዋ ድሃ ሰፈሮች ውስጥ ነበር የሠራው። ከነሱ አንዱ፣ በሥነ ሕንፃው ዓለም የተጨበጨበለት፣ በግንባታ ጉድለት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መዘጋቱንም አብሮ ማስታወስ ጥሩ ነው። ቦታውን እንውሰድለት፣ ጌጡን እንተውለት። ለኛ ከሆነ ቱላ ላይ አንድ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ተከራይተው የሚኖሩበት ሰፈር አንድ። እነዚያ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ ትምህርት አቋርጠው የመጡ ናቸው። ከፈረቃ ወጥተው ማታ መማር የሚፈልጉ አሉ። አንድ አዳራሽ፣ ጥሩ መብራት፣ ሶላር ወይም ጀነሬተር፣ ሠላሳ ወንበር፣ ደመወዙ በሰዓቱ የሚከፈለው የሠለጠነ ባለሙያና ተለዋጭ ተረኛ። እሁድ ክፍት። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት። ሽንት ቤት ይኑረው፣ በተለይ ለሴቶቹ። ስንት መንግሥታዊ ሕንፃ ምድር ቤቱ ባዶ እንደሆነ፣ ስንት አዳራሽ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ሁላችንም እናውቃለን። ቁልፉን መስጠት አዲስ ግንባታ አይጠይቅም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ ግን የሚዘጋጀው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው፣ ሐምሌ ላይ መጮህ ዋጋ የለውም። በሚቀጥለው የክፍለ ከተማችን ውይይት ላይ ተማሪዎቼን ይዤ እሄዳለሁ። ማይኩን ለእኔ ከሰጡኝ ለነሱ አሳልፌ እሰጣለሁ። ጥያቄያቸውን ጽፈውታል። ቤተ መጻሕፍት ትሠራላችሁ ወይ የሚል አይደለም። "በመጪው ዓመት መደበኛ በጀት ውስጥ ለመጽሐፍ መግዣና ለማታ ተረኛ ስንት ብር ይዛችኋል?" የሚል ነው። መልሱን ቁጥሩን ጨምሬ እዚሁ ብሎግ ላይ እጽፈዋለሁ። በሌላ ክፍለ ከተማ ያላችሁ እናንተም ጠይቁና ያገኛችሁትን ቁጥር ላኩልኝ፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ አወጣዋለሁ።